መጀመሪያ የቁጥሮቹን አሰፋፈር እዩ

ከርነል (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ውስጥ ቶሎ ቶሎ የሚነሳ አንድ ትንሽ ጥያቄ አለ፦ "ይህ ቁጥር የየትኛው ዲቫይስ ነው?" ፕሮግራም አንድን ዲቫይስ ሊከፍት ሲል ከፋይሉ ስም ጀርባ የዲቫይስ ቁጥር ይኖራል። ከርነሉ ያንን ቁጥር ይዞ ድራይቨሩን፣ ማለትም ዲቫይሱን የሚያሠራውን ኮድ፣ ማግኘት አለበት። የኔትወርክ ካርድ የማይፈቀድለትን ሜሞሪ ሲነካም ሃርድዌሩ ለከርነሉ የሚያቀብለው 16 ቢት ቁጥር ነው። ከርነሉ ከዚያ ቁጥር ተነስቶ ካርዱን መለየት አለበት። ጥያቄው ተራ ይመስላል። እኔን ግን እስከ ዛሬ አልሰለቸኝም። ስለ ዳታ ስትራክቸር (መረጃ ሜሞሪ ውስጥ ስለሚደራጅበት መንገድ) ከማውቀው ቁም ነገር አብዛኛውን ያስተማረኝ ይኸው ጥያቄ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ይህን ለጀማሪ ፕሮግራመሮች ሳነሳ መልሱ ወዲያው ይመጣል። "ሃሽ ቴብል ነዋ!" ሃሽ ቴብል ቁጥሩን በስሌት ወደ አንድ ቦታ የሚመራ ሠንጠረዥ ነው፤ ለኢንተርቪው ሲዘጋጁ የሸመደዱት ነው። የዕቃው ብዛት ቢጨምርም የፍለጋው ጊዜ አይጨምርም፣ አለቀ። ስለ ሜሞሪው የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ስለ ቁጥሮቹ አሰፋፈር ደግሞ ጭራሽ የሚያነሳ የለም። ለእኔ ዋናው ጉዳይ እሱ ነው። ቁጥሮቹ ተጠጋግተው ነው ያሉት ወይስ ተራርቀው? የሚያድላቸው ማን ነው? ስንት ጊዜ ነው የሚጠየቁት? ይህን ሳያውቁ ስትራክቸር መምረጥ በጭፍን መምረጥ ነው።

ስለ ሜሞሪ አንድ ነገር ላስቀድም። የሊኑክስ ከርነል ለራሱ የሚይዘው ሜሞሪ እንደ ተራ ፕሮግራም ሜሞሪ ወደ ዲስክ ተገፍቶ አይወጣም። ማሽኑ ሲነሳ ለዲቫይስ ሠንጠረዥ የተያዘ ባይት ብዙውን ጊዜ ማሽኑ እስኪጠፋ ተይዞ ይቆያል። ከተጠቃሚው ድርሻ ላይ የተነሳ ነው። እኔ ኮምፒውተር የለመድኩት 512 ሜጋባይት ራም ባለው ዴስክቶፕ ላይ ነው። ብሮውዘር ሲከፈት ማሽኑ ሲያቃስት እየሰማሁ ነው የተማርኩት። ዛሬም አገር ቤት ብዙ ተማሪ ፕሮግራሚንግ የሚጀምረው ሰው ተጠቅሞ በተወው ላፕቶፕ ላይ ነው። ስለዚህ "ራም እኮ ርካሽ ነው" የሚለውን አባባል ተቀብዬው አላውቅም። ከርነል የሚጽፍ ሰው የሚያባክነው የራሱን ራም አይደለም።

ነገሩ ሲጀመር ቀላል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣውን ስድስተኛውን የዩኒክስ እትም እንውሰድ። የሚሠራው ፒዲፒ-11 በሚባለው ማሽን ላይ ነበር። የዲቫይስ ቁጥሩ 16 ቢት ነው። ላይኛው 8 ቢት ሜጀር ይባላል፤ ድራይቨሩን ያመለክታል። ታችኛው 8 ቢት ማይነር ይባላል፤ ድራይቨሩ ከሚያስተዳድራቸው ዲቫይሶች የትኛው እንደሆነ ይናገራል። ፍለጋው አንድ አሬይ (በተርታ የተቀመጡ መስመሮች) ነው። ሜጀሩን ኢንዴክስ አድርጎ መግባት፣ የድራይቨሩን ፈንክሽኖች ማግኘት፣ በቃ። ለካራክተር ዲቫይስ (እንደ ተርሚናል ባይት በባይት ለሚነበብና ለሚጻፍ ዲቫይስ) አንዱ መስመር አምስት ፖይንተር (የሜሞሪ አድራሻ) ነው። እያንዳንዱ ፖይንተር 2 ባይት ስለሆነ በድምሩ 10 ባይት።

ይህ አሬይ ያዋጣው ቁጥሮቹን የሚያድለው ከርነሉን የሚያዘጋጀው ሰው ራሱ ስለነበረ ነው። ከ0 ጀምሮ በተርታ ነው የሚሄዱት። ባዶ መስመር ቢኖር እንኳ ጥቂት ነው። ለተጠጋጋ ቁጥር ደግሞ ከአሬይ የሚሻል የለም።

ሊኑክስም መጀመሪያ ላይ በዚያው በ8 በ8 ቢት ነበር የሚሄደው። ዲቫይሱ ሲበዛ ቁጥሮቹ ጠበቡ። እ.ኤ.አ. በ2003 መጨረሻ የወጣው ሊኑክስ 2.6 ቁጥሩን ወደ 32 ቢት አሳደገው፤ 12 ቢት ለሜጀር፣ 20 ቢት ለማይነር። በዚህ ስፋት ላይ አሬይ መዘርጋት የማይታሰብ ነው። ስለዚህ የካራክተር ዲቫይስ ፍለጋው በ255 ቦታ ሃሽ ቴብል ይሠራል። ሜጀሩ ለ255 ይካፈላል፣ ቀሪው ቦታውን ይሰጣል፣ እዚያ ቦታ ላይ ሊንክድ ሊስት (አንዱ ቀጣዩን የሚያመለክትበት ሰንሰለት) ተንጠልጥሏል። በ64 ቢት ማሽን 255 ፖይንተር 2,040 ባይት ነው። ግማሽ ፔጅ (ሜሞሪ የሚከፋፈልበት 4 ኪሎባይት) አይሞላም።

ልብ በሉ፣ ሊስቱ ላይ የሚንጠለጠለው አንድ ዲቫይስ አይደለም። የቁጥር ክልል ነው። ድራይቨሩ "ከዚህ እስከዚህ ያለው ማይነር የእኔ ነው" ብሎ አንዴ ይመዘገባል። ከፈለገ በአንድ ሜጀር ሥር ያሉትን 1,048,576 ማይነሮች በሙሉ በአንድ መዝገብ መሸፈን ይችላል። እኔ ከሃሽ ቴብሉ ይልቅ የማደንቀው ይህን ነው። ሜሞሪው የተቆጠበው የሚመዘገበውን ነገር በመቀነስ ነው።

ሜጀር 10 ሥር የሚሰባሰቡት ልዩ ልዩ ትናንሽ ዲቫይሶች ደግሞ ከዚህም የቀለለ መንገድ አላቸው። ተራ ሊንክድ ሊስት ነው። አንድ ፕሮግራም ዲቫይሱን ሲከፍት ከርነሉ ሎክ (ሌላው እንዲጠብቅ የሚያደርግ ቁልፍ) ይይዝና ከሊስቱ መጀመሪያ ተነስቶ ማይነሩን አንድ በአንድ እያየ ይሄዳል። ይህን ለፈተና ብትጽፉት ነጥብ ሊቀነስባችሁ ይችላል። እኔ ግን ሙሉ ነጥብ እሰጠዋለሁ። ፍለጋው የሚደረገው ዲቫይሱ ሲከፈት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ንባቡም ጽሕፈቱም በተከፈተው ፋይል ፖይንተር በኩል ያልፋል፤ ሊስቱን ማንም አይነካውም። አልፎ አልፎ ለሚመጣ ጥያቄ፣ ያውም ብዙ ላልሆኑ ዲቫይሶች፣ ሌላ ሠንጠረዥ መዘርጋት ለምን ያስፈልጋል?

አሁን ወደምወደው ምሳሌ ልግባ።

ፒሲአይ (ካርዶች ከማሽኑ ጋር የሚገናኙበት ሥርዓት) ላይ እያንዳንዱ ዲቫይስ 16 ቢት መለያ አለው። 8 ቢቱ የባስ (የመገናኛው መስመር) ቁጥር፣ 5 ቢቱ የዲቫይስ ቁጥር፣ 3 ቢቱ የፈንክሽን (በአንድ ዲቫይስ ውስጥ ያለ ክፍል) ቁጥር ነው። በድምሩ ሊኖሩ የሚችሉት ቁጥሮች 65,536 ናቸው። ዲቫይሱ ፕሮሰሰሩን ሳያስቸግር በቀጥታ ሜሞሪ ሲያነብና ሲጽፍ መሃል ላይ ቆሞ የሚፈትሸው ሃርድዌር አይኦኤምኤምዩ ይባላል። ዲቫይሱ መለያውን ይዞ ይመጣል። አይኦኤምኤምዩው በመለያው መዝገቡን ፈልጎ ይፈቅዳል ወይም ይከለክላል። መዝገቡ የሚቀመጠው ራም ውስጥ ነው፤ ቅርጹን የወሰኑት ግን ቺፕ ሠሪዎቹ ናቸው። ኤኤምዲና ኢንቴል ለአንዱ ጥያቄ ሁለት መልስ ሰጡ።

ኤኤምዲ አሬይ መረጠ። አንዱ መስመር 32 ባይት ነው። 65,536 በ32 ሲባዛ 2 ሜጋባይት ይመጣል። መለያው ራሱ ኢንዴክስ ስለሆነ ሃርድዌሩ በቀጥታ መስመሩ ላይ ያርፋል። ሠንጠረዡን በ4 ኪሎባይት ልክ ማሳጠርም ይቻላል፤ ትልቁ መለያ ትንሽ ቁጥር ከሆነ ሜሞሪውም አብሮ ያንሳል። ችግሩ የሚመጣው ትልልቅ ሰርቨሮች ላይ ነው። እዚያ ፈርምዌሩ (ማሽኑን የሚያስነሳው ሶፍትዌር) የባስ ቁጥሮችን አራርቆ ሊያድል ይችላል፤ ወደፊት ለሚሰካ ካርድ ቦታ ይተዋል። አንድ ካርድ ላይኛው ጫፍ አካባቢ ቁጥር ከደረሰው ሠንጠረዡ እስከዚያ ድረስ መዘርጋቱ ግድ ነው፤ መሃሉ ባዶ ቢሆንም።

ኢንቴል ባለ ሁለት ደረጃ ሠንጠረዥ መረጠ። መጀመሪያ 256 መስመር ያለው የባሶች ሠንጠረዥ አለ። አንዱ መስመር 16 ባይት ስለሆነ በድምሩ 4 ኪሎባይት፣ ልክ አንድ ፔጅ ነው። ከእያንዳንዱ ባስ ሥር ሌላ 4 ኪሎባይት ይመጣል፤ ግን ባሱ ላይ ዲቫይስ ካለ ብቻ። አራት ባስ ያለው ላፕቶፕ 20 ኪሎባይት ይበቃዋል። 256ቱም ባስ ቢሞላ እንኳ 1 ሜጋባይት ከ4 ኪሎባይት ነው። የሚከፈልበት ዋጋ አንድ ተጨማሪ የሜሞሪ ንባብ ነው፤ እሱንም ሃርድዌሩ ያገኘውን በካሽ (ፈጣን ጊዜያዊ ማስቀመጫ) ስለሚይዝ በየጊዜው አይከፍልም።

እውነት ለመናገር የኤኤምዲው መስመር የሰፋው የኢንተራፕት (ዲቫይሱ ፕሮሰሰሩን የሚጠራበት ምልክት) ሠንጠረዡን አድራሻም አብሮ ስለሚይዝ ነው። ስለዚህ ባይቱን በባይት ማወዳደር ፍትሐዊ አይሆንም። በቅርጽ ግን እኔ ከኢንቴሉ ጋር ነኝ። የፒሲአይ ቁጥር ራሱ ባስ በባስ የተከፋፈለ ነው፤ ሠንጠረዡም በዚያው መስመር ላይ ተከፈለ። ኤስኤምኤምዩ የሚባለው የአርሙ አይኦኤምኤምዩ ሦስተኛ ትውልድ ደግሞ አንድ ወጥ ሠንጠረዥንም ባለ ሁለት ደረጃንም ይደግፋል። እዚያ የዲቫይሱ መለያ እስከ 32 ቢት ሊደርስ ስለሚችል አንድ ወጥ አሬይ ብቻ ማስገደድ አይቻልም ነበር።

ይህ የሃርድዌሩ ነው። ሶፍትዌሩ ደግሞ የራሱ ፍለጋ አለው። ዲቫይሱ ራም ውስጥ ያልተዘጋጀ ፔጅ ሲጠይቅ አይኦኤምኤምዩው ጥያቄውን ከመለያው ጋር ወረፋ ላይ ያስቀምጣል። ከርነሉ ወረፋውን ሲያነብ ስለ ዲቫይሱ ማንነት በእጁ ያለው 16 ቢት ብቻ ነው። ዲቫይሱን የሚገልጸው ስትራክት (መረጃዎቹ አንድ ላይ የተቀመጡበት መዝገብ) የት ነው?

የኢንቴል ድራይቨር ቀድሞ የማሽኑን የፒሲአይ ዲቫይሶች ሊስት አንድ በአንድ እያየ ነበር የሚፈልገው። በሜሞሪ በኩል ይህን የሚያህል ቁጠባ የለም፤ ሊስቱ ለሌላ ሥራ አስቀድሞ የተዘረጋ ነው፣ ተጨማሪው ዜሮ ባይት ነው። ነገር ግን በየእርምጃው የዲቫይሱን ሪፈረንስ (እየታየ ሳለ እንዳይጠፋ የሚያደርግ ቆጠራ) መያዝና መልቀቅ አለ። ጥያቄውም እንደ ፋይል መክፈት አልፎ አልፎ የሚመጣ አይደለም፤ ሥራ ሲበዛ ይጎርፋል። እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው ሊኑክስ 6.9 ይህ ተቀየረ። እያንዳንዱ አይኦኤምኤምዩ የራሱን ዲቫይሶች በሬድ-ብላክ ትሪ (በቀይና በጥቁር ምልክት ሚዛኑን የሚጠብቅ የፍለጋ ዛፍ) እንዲይዝ ተደረገ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ግራ ይጋባል። ከርነሉ ውስጥ ኤክስአሬይ የሚባል ዘመናዊ ስትራክቸር አለ። የማቲው ዊልኮክስ ሥራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ከሊኑክስ 4.20 ጋር ነው የገባው። ቁጥር ሰጥቶ ፖይንተር ለመቀበል ተብሎ የተሠራ ነው። አጠቃቀሙ ቀላል ነው። አንባቢዎቹም ሎክ መያዝ አያስፈልጋቸውም። ታዲያ ለምን እሱ አልተወሰደም? እኔ መልሱን ያገኘሁት ወረቀት ላይ በማስላት ነው። ስሌቱን አብረን እንሥራው።

ኤክስአሬይ ባለ ብዙ ደረጃ ዛፍ ነው። በተለመደው አሠራር እያንዳንዱ ኖድ (የዛፉ መጋጠሚያ) 64 ቦታ አለው። በ64 ቢት ማሽን 64 ፖይንተር 512 ባይት ነው፤ ኖዱ ስለራሱ ከሚይዘው መረጃ ጋር 576 ባይት ይሆናል። አንድ 4 ኪሎባይት ፔጅ ላይ 7 ኖድ ብቻ ነው የሚገባው። ታችኛው ኖድ 64 ተከታታይ ቁጥሮችን ይሸፍናል።

አሁን ሊኑክስ ላይ የፒሲአይ ዲቫይሶችን የሚዘረዝረውን ኤልኤስፒሲአይ (lspci) የሚለውን ትእዛዝ ስጡ። አንድ ላፕቶፕ ላይ ለምሳሌ ግራፊክሱ 00:02.0፣ ዩኤስቢው 00:14.0፣ ኤስኤስዲው 01:00.0፣ ዋይፋዩ 02:00.0 ብሎ ሊመጣላችሁ ይችላል። ባሱና ዲቫይሱ የሚጻፉት በ16 ቤት ቁጥር (በሄክሳዴሲማል) ነው። ወደ ለመድነው ቁጥር ስንመልሳቸው መለያዎቹ 16፣ 160፣ 256 እና 512 ይሆናሉ። 16 ከ0 እስከ 63 ባለው ኖድ ይገባል። 160 ከ128 እስከ 191 ባለው። 256 ለብቻው፣ 512ም ለብቻው። አራት ዲቫይስ፣ አራት ኖድ። ሁለቱ እንኳ አንድ ላይ አልገጠሙም።

ይህ አጋጣሚ አይደለም። ፒሲአይ ኤክስፕረስ ላይ እያንዳንዱ መስመር ሁለት ጫፎችን ብቻ ነው የሚያገናኘው፤ የራሱም የባስ ቁጥር አለው። ከጫፉ የሚሰካው ካርድ የዲቫይስ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ 0 ነው። ስለዚህ መለያዎቹ በ256 በ256 እየዘለሉ ነው የሚሄዱት። ኤክስአሬይ እዚህ ላይ የሚያደርገው ለአንድ ተከራይ 64 በር ያለው የኮንዶሚኒየም ብሎክ መገንባት ነው። ሁለተኛው ተከራይ ሲመጣ ሌላ ብሎክ።

ከባስ 1 እስከ ባስ 40 በእያንዳንዱ ላይ አንድ ካርድ አለ እንበል። ታችኛው ደረጃ 40 ኖድ ይፈልጋል። መካከለኛው ኖድ 16 ባስ ስለሚሸፍን 3 ኖድ ያስፈልጋል። ከላይ 1። በድምሩ 44 ኖድ፣ 25,344 ባይት። ለአንድ ካርድ 634 ባይት ገደማ ማለት ነው፤ አንድ ፖይንተር ለማስቀመጥ! 65,536 ፖይንተር ያለው ተራ አሬይ ቢሆን 512 ኪሎባይት ይፈጃል። ሬድ-ብላክ ትሪው ለአንድ ዲቫይስ 24 ባይት ይጨምራል። ለ40ው 960 ባይት። ልዩነቱ ይሄን ያህል ነው።

ሃሽ ቴብሉስ? 256 ቦታ ብንሰጠው አንድም ካርድ ሳይሰካ 2 ኪሎባይት ይይዛል። አንድ ሰርቨር ደግሞ ብዙ አይኦኤምኤምዩ ሊኖረው ይችላል። እያንዳንዱ የራሱን ሠንጠረዥ ይዞ ሁለት ሦስት ካርድ ብቻ ሊያስተዳድር ነው። ባዶ የሆነ ሬድ-ብላክ ትሪ ግን አንድ ፖይንተር ነው፤ 8 ባይት።

24 ባይቷ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በጣም ስለምወዳት ነው። ኖዷ ለብቻዋ ሜሞሪ አይጠየቅላትም። ዲቫይሱን በሚገልጸው ስትራክት ውስጥ እዚያው ትቀመጣለች። ስለዚህ ዲቫይሱን ዛፉ ላይ ሲጨምሩ "ሜሞሪ አለቀ" የሚባል ስህተት የለም። ይህ ከርነል ውስጥ ትልቅ እፎይታ ነው፤ የማይፈጠር ስህተት ኮድ አይጻፍለትም። ኖዷ ሦስት ፖይንተር ናት፦ ወላጅ፣ ግራ ልጅ፣ ቀኝ ልጅ። ሦስት ጊዜ 8፣ 24። ታዲያ ቀዩና ጥቁሩ የት ተጻፈ? ኖዶቹ ሜሞሪ ውስጥ በ8 ባይት ልክ ስለሚሰለፉ የአድራሻቸው ታችኛ ቢቶች ሁልጊዜ ዜሮ ናቸው። ቀለሙ የወላጁ ፖይንተር የመጨረሻ ቢት ላይ ተቀምጧል። አንዷን ቢት ለብቻዋ ቦታ ቢሰጧት በአሰላለፉ ምክንያት ሌላ 8 ባይት ትወስድ ነበር። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ስለዚህ አስቧል። እኔ ኮድ ውስጥ እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ሳይ ሰውየውን ማመስገን ያምረኛል።

ዛፉ ነፃ አይደለም። ሲፈለግም ሲጨመርም ሎክ መያዝ አለበት። ኤክስአሬይ በሦስት እርምጃ የሚደርስበትን ሬድ-ብላክ ትሪ ለ40 ዲቫይስ አምስት ስድስት እርምጃ ሊወስድበት ይችላል። በየእርምጃው የሚነካው ኖድ የተለያየ ስትራክት ውስጥ ስለሆነ ካሽ ውስጥ ላይገኝ ይችላል። በየእርምጃው ወደ ራም መውረድ ቢያስፈልግና አንዱ 100 ናኖሰከንድ ገደማ ቢፈጅ እንኳ፣ ስድስቱ ተደምረው አንድ ማይክሮሰከንድ አይሞሉም። ፔጁን ማዘጋጀቱ፣ ሠንጠረዡን ማስተካከሉ፣ ለዲቫይሱ መልስ መላኩ ከዚህ የበለጠ ጊዜ የሚወስድ ሥራ ነው። ስለዚህ እዚህ ቦታ ላይ ፍጥነት ብሎ 25 ኪሎባይት መክፈል አይታየኝም።

ግን ይህን አንብባችሁ "ኤክስአሬይ መጥፎ ነው" ብላችሁ እንዳትሄዱ። ቁጥሮቹ ሲጠጋጉ ነገሩ ይገለበጣል። ኤስአር-አይኦቪ የሚባል አሠራር አለ። አንድ የኔትወርክ ካርድ ራሱን ወደ ብዙ ቨርቹዋል ዲቫይሶች ይከፍላል፤ እያንዳንዱ ለአንድ ቨርቹዋል ማሽን ይሰጣል። መለያዎቻቸው ብዙ ጊዜ ተከታታይ ናቸው። 128 ቢሆኑና ከኖዱ ድንበር ቢጀምሩ ኤክስአሬይ ታች ሁለት ኖድ፣ ከላይ ሁለት ኖድ ይበቃዋል። በድምሩ 2,304 ባይት። ሬድ-ብላክ ትሪው 3,072 ባይት ይፈልጋል። ሙሉ የሆነ ታችኛ ኖድ ላይ ለአንድ ዲቫይስ የሚደርሰው 9 ባይት ብቻ ነው። ብሎኩ ሞላ ማለት ነው። በሎክም በኩል ኤክስአሬይ ይቀድማል። ስለዚህ ስለ ዳታ ሴንተር ብቻ የሚያስብ ሰው በተቃራኒው ቢወስን አልቃወመውም። የእኔ ክርክር ማሽኑን ሳያይ ከሚወስን ሰው ጋር ነው።

እዚህ ላይ የሚያስደስተኝ የኢንቴል ድራይቨር ጸሐፊዎች ዛፉን በኮዱ ሁሉ አለመበተናቸው ነው። መፈለግ፣ መጨመር፣ ማውጣት፤ ሦስት አጫጭር ፈንክሽኖች ናቸው። የቀረው ድራይቨር መለያውን ይሰጣቸዋል፣ ዲቫይሱን ይቀበላል፤ ውስጡ ዛፍ ይሁን ሠንጠረዥ አያውቅም። ነገ ተከታታይ መለያ ያላቸው ዲቫይሶች በዝተው 24 ባይቷ ካላዋጣች፣ በዋናነት የሚቀየረው የነዚያ ሦስት ፈንክሽኖች ውስጥና ስትራክቶቹ ውስጥ ያሉት ጥቂት መስመሮች ናቸው።